በአንድ እግሩ የታሰረ ቀለም

አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ግቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መስኮታችን የተከደነ በጥቁር ጨርቅ።
ጋሽ ሸዋረጋ በሩን በቀስታ ዘግቶ
«አጥፊው» ይለኛል፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ።

መዳፌ ላይ ስስ መስታወት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣
ፊቷን ቀለም አልብሻታለሁ፣ ለዓይን የሌለ የሚመስል።
አልቀባሁትም፤ የተቀባ ይታጠባል።
በአንድ እግሩ አሰርኩት እንጂ፤ የቀረው አካሉ ይወዛወዛል።
ያቺን እግር ለማሰር፣ ሁለት ወር ሙሉ፣
ስንቱን መስታወት በአሲድ አጠብኩ፣
ስንቶቹ ተሰበሩ፣ ስንቶቹ ጣቴን በሉ!

እናቴ «ምንድነው ሥራሽ?» ስትለኝ እንዲህ አልኳት፦
ይህ ቀለም ዙረት ይወዳል።
ቀጭን ፈሳሽ ካገኘ ወገቡን ይዞ ይሾራል፤
የሰጠሁትን ብርሃን በዙረት ይጨርሳል፤
ደሞዙን በወር መባቻ እንዳጠፋ ጎረምሳ
ባዶ ኪሱን እየዳሰሰ በጨለማ ቤቱ ይገባል።
ወፈር ያለ ነገር ሲከበው ግን፣
ከግራም ከቀኝም ትከሻውን ሲይዘው፣
መዞሪያ ሲያጣ፣ መላው ሲጠፋው፣
የዋጠውን ብርሃን ያኔ ነው የሚተፋው።

«እንግዲህ ሲጨንቀው ነው የሚበራ» አለች እናቴ፣
ዕቃችንን በማዳበሪያ እየከተተች፣ አፉን በገመድ እያሰረች።
መልስ አልነበረኝም።

ከውጭ የታዘዘው ፈሳሽ ጉምሩክ ላይ ተኝቶ
ግሊሰሪን ፍለጋ ወደ ፒያሳ ወጣሁ።
«ለፊት ነው ለእጅ?»
አለችኝ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ።
«ለመስታወት» ብላት
ስቃ ጠቀለለችልኝ በወረቀት።

ጠብታ አንድ፦ ውሃ። ምንም።
ጠብታ ሁለት፦ ግማሽ በግማሽ።
አለ ስንል የለም፣ የለም ስንል አለ።
ጠብታ ሦስት፦ ግሊሰሪን ብቻ።
ሠላሳ ዓመት ቱቦ ሲያጥብ የኖረው ሰውዬ
እንደ ሕፃን «ውይ!» አለ።
አረንጓዴ፤ ዝናብ ያደረበት ሣር።
አጠብኩት፤ ጨለመ። ጨመርኩበት፤ በራ።
አሥሬ ባጥበው አሥሬ እዚያው ነው፣ በታሰረበት ስፍራ።

(ሰኞ ከጥቁር አንበሳ የደም ውሃ ይመጣልናል።
ደም ሲወፍር ልብ አይናገርም፤
ቀለሙ ቀድሞ ይንገረን ብለን ነው ይሄ ሁሉ።)

አመሻሹ ላይ ቁልቁል ስወርድ ሰፈሬን በእግሬ ፈለግሁት።
ሰባት ቤት ነበርን በአንድ ግቢ፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ።
እትዬ አጥናፌ ከግድግዳው ማዶ ስታስነጥስ
እኛ በእንቅልፍ ልባችን «ይማርሽ» እንል ነበር።
ክንድ መዘርጊያ አልነበረም።
አሁን መንገዱ ሰፊ ነው፣ የመንገድ መብራቱ ብዙ፤
እጄን ዘርግቼ ብሾር የምነካው ሰው የለም።
ሾርኩም፤ አንዴ።
ዘበኛው አየኝና ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ለጋሽ ሸዋረጋ ነገርኩት።
ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ
ያበላሸኋትን የመጀመሪያዋን መስታወት አወጣ።
«ይቺ ትዝ ትልሻለች? አጥብቀሽ ያሰርሽባት?
በውሃም በራች፣ በዘይትም በራች፣ ደርቃም በራች።
ሁልጊዜ የሚበራ ነገር፣ ልጄ፣ ምን ይነግርሻል?»
መልሶ አስቀመጣት። አልጣላትም።

«ጠጋ በሉ! ጠጋ፣ ጠጋ!» ይላል ረዳቱ፤
በሦስት ሰው ወንበር አራተኛ ሆኜ ገባሁ።
የማላውቀው ሰው ክርን ጎኔ ላይ፣
የማላውቃት ልጅ ጠጉር ጉንጬ ላይ፤
መዞር አልቻልኩም።
ወደ መስኮቱ አየሁ። ውጪው መሽቷል።
መስታወቱ ላይ ፊቴ አለ።